ሰርቨሩ የቆመባቸው ሰዓቶች

እሑድ 2

ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ጽፌ ደብተሩን ልጀምር። ባለቤቴ የሞተ ቀን ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ፣ ከክርኔ አጠገብ ነበር። ስሙን አየሁት። ጠዋት ተጣልተን ስለነበር «ትንሽ ይጠብቅ» አልኩና የያዝኩትን መጽሐፍ ምዕራፉ እስኪያልቅ አነበብኩ። አሥራ አንድ ገጽ ቀርቶኝ ነበር። ጨርሼ ስደውል የማላውቀው ሰው አነሳና መንገድ ዳር መኪናው ውስጥ እንዳገኘው ነገረኝ። ከቀብር በኋላ የባሌ እህት «ለምን አላነሳሽለትም?» ስትለኝ «ድምፁ ጠፍቶ ነበር» አልኳት። ማን እንዳጠፋው አልጠየቀችኝም። እኔም አልተናገርኩም። ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ይህን ገጽ በኋላ እቀድደዋለሁ፤ ደብተሩ የመሥሪያ ቤት ነው። የሰጠኝ ቆይማ ነው። ቆይማ በዓይን ሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው፣ እኔ ረዳቱ ነኝ። ስሙ ሌላ ነው፤ ነገር ግን ምንም ይበላሽ ምን ከአፉ መጀመሪያ የሚወጣው «ቆይማ» ስለሆነ፣ ከዳይሬክተሯ እስከ ጥበቃዎቹ እንዲያ ነው የሚጠሩት። ቀጠሮ የሚያዝበት ድረ ገጻችን ከወር ወዲህ መከራ እያሳየን ነው። ሰርቨሩ አይጠፋም፣ መብራቱ ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፤ ሲጠይቁት ግን አይመልስም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይመልሳል። ቆይማ «የቆመበትን ሰዓት፣ ያን ጊዜ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ማን ምን እንዳለ፣ አንድ ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ እትዬ» አለኝ።

እሺ። ይኸው እጽፋለሁ።

ሰኞ 3

ቆመ 3፡10። አስነሳሁት 3፡25። ቆመ 4፡40። መስኮቱ ላይ ሰልፍ። ምሳ የለም።

(ማታ) ተመላላሽ ክፍል መስኮት ላይ የምትሠራው ሲስተር ቀኑን ሙሉ «ሲስተም የለም» ስትል ዋለች። አንድ ዓይኑ የታሸገ አናጢ «ባለፈው ሳምንትም የለም ብለሽኛል፤ ይሄ ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ሥራ የሚገባው መቼ መቼ ነው?» አላት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰውየው የመጣው የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ የዓይኑ ግፊት እየጨመረ ነው፤ ተራው ደግሞ አምልጦታል።

ቆይማ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ከካርድ ክፍል ወደዚህ ስዛወር፣ ከመጽሐፍ እያየሁ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። በየደቂቃው እንደ አንድ በሽተኛ ሆና የቀጠሮውን ገጽ ትከፍታለች፤ መልስ ካጣች ለስልኬ መልእክት ትልካለች። ሌላ ሥራ የላትም። «ጠያቂዬ» ነው የምላት። በእሷ ምክንያት ሰርቨሩ መቆሙን ከሁሉም ቀድሜ አውቃለሁ። «እንዴት ነው ሁሌ እርስዎ የሚቀድሙን?» ሲለኝ «ልምድ ነው» አልኩት። ለምን እንደደበቅሁት እንጃ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ፕሮግራም ሠራሁ ብትል ይሳቅባታል ብዬ ይሆናል።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ልብ ወለድ አንብቤ አላውቅም። የማሽን መጽሐፍ ብቻ ነው የማነበው። እዚያ ውስጥ ምዕራፉ እስኪያልቅ የሚይዝ ነገር የለም።

ማክሰኞ 4

ቆመ 3፡40፣ 8፡15።

ቆይማ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና «ቆይማ እትዬ፣ ከወር በፊት የለወጥነው ነገር ምንድን ነው?» አለ። አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም የእኔ ሐሳብ ነበር። ድሮ ሰው ቅጹን በአምስት ደቂቃ ካልጨረሰ ይቋረጥበታል። የእኛ ሰዎች ደግሞ የዓይን በሽተኞች ናቸው፤ አንዷን ፊደል ፈልገው እስኪያገኟት አምስት ደቂቃው ያልቃል። አንዲት ሴትዮ ስልኳን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ስትጽፍ አራት ጊዜ ሲቋረጥባት አይቼ ነገርኩትና ሠላሳ ደቂቃ አደረገው።

«ይሄማ ጽድቅ ነው፣ በሱ አይቆምም» አልኩ።

«ጽድቅም ቦታ ይይዛል እትዬ።»

ሰርቨሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው መቶ ሰው ነው። ገጹን የከፈተ ሁሉ፣ አንድ ፊደል ባይጽፍም፣ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ አንድ መስመር ይዞ ይቆያል። የተያዙትን ቀጠሮዎች አውጥተን ቆጠርን። እጅግ በበዛበት ሰዓት ሰባ ሰው ነው። ሰባ ከመቶ በጣም ያንሳል። ስለዚህ እሱ አይደለም አልን፤ ተውነው።

ሐሙስ 6

ሦስት ጊዜ። ዳይሬክተሯ ራሷ ወረደች፤ ከቀዶ ጥገና ወጥታ፣ ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ።

«ዛሬ ስንት ጊዜ?»

«ሦስት» አለ ቆይማ።

«ትናንትስ?»

«ትናንትም ሦስት። ግን ዶክተር፣ በቆመ ቁጥር ወዲያው አጥፍተን ስለምናበራው ምን አንቆ እንደያዘው አብሮ ይጠፋብናል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሥር ደቂቃ እንደቆመ ተዉልኝና ውስጡን ልየው።»

«አሥር ደቂቃ! ታች ስልሳ ሰው ቆሟል። ወርደህ አንተ ንገርልኝ፣ ቆይማ ይላችኋል በልልኝ።»

«ቆይማ ዶክተር…»

«አልቆይም!»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ውሉ እንደማይታደስ፣ ቦርዱ ከውጭ ድርጅት ሊያመጣ እንደወሰነ ነገረችው። ውሉ ካልታደሰ ቤቱም የለም። ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖረው ግቢው ውስጥ በሠራተኞች ቤት ነው፤ ከመስኮታችን የልጆቹ ካልሲ ገመድ ላይ ይታየኛል።

ስትወጣ ወደ እኔ ዞሮ «አሥር ደቂቃ ብቻ ነው ያልኳት» አለኝ። እውነት ለመናገር እኔ ከዳይሬክተሯ ጋር ነኝ። ዝም ብሎ የቆመን ነገር ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ሰርቨሩን ለማጥፋትና ለማብራት ሁሌም የእኔ እጅ ይቀድማል።

ዓርብ 7

አራት ጊዜ። ጠያቂዬን በየሠላሳ ሰከንዱ እንድትጠይቅ አደረግኋት። ቶሎ ካወቅሁ ቶሎ አስነሳዋለሁ፣ ቆይማም ይተርፋል።

ልጄ ሌላ ከተማ አስተማሪ ናት። ዛሬ አራት ጊዜ ደወልኩላት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰርቨሩ በቆመ ቁጥር እጄ ወደ ስልኩ ይሄዳል። በመጀመሪያው ጥሪ ነው የምታነሳው፣ ሁሌም። አንዱን ጊዜ በሹክሹክታ «እማ፣ ክፍል ውስጥ ነኝ፣ ደህና ነሽ?» አለችኝ። ከኋላዋ ተማሪዎች ሲስቁ ይሰማል። ደህና ነኝ አልኳት። እንደሷ ያለ ልጅ የለም።

ሰኞ 10

ስድስት ጊዜ። ስድስት! ሰዓቶቹን ጀርባው ላይ ጽፌያለሁ። አናጢው ተመልሶ መጥቶ ነበር። ዛሬ አልቀለደም።

ረቡዕ 12

ትኩሳት። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። አልሄድኩም።

ቅዳሜ 15

ሲስተር ብርቱካን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ራሷ እየላጠች ራሷ በላችው።

«ጉድ ልንገርሽ እትዬ፣ ከቀረሽ ወዲህ አንድ ጊዜ አልቆመም። ረቡዕ የለም፣ ሐሙስ የለም፣ ዓርብ የለም! ቆይማ ጢሙን ተላጭቶ መጣ፣ አገጭ እንዳለው ያየሁት ገና አሁን ነው።»

«ማን ነካካው?»

«ማንም። ኮምፒውተርሽን ብቻ ረቡዕ ጠዋት አጠፋሁልሽ፣ ለማን ይበራል ብዬ።»

ደስ አለኝ። ተሻለው ማለት ነው። ቆይማ ቤቱን አይለቅም።

ሰኞ 17

2፡00 ገባሁ፣ ኮምፒውተሬን አበራሁ፣ ወረቀቶቼን አስተካከልኩ። 3፡30 ቆመ። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

ሲስተር ከመስኮቷ «ከእትዬ ጋር እኮ እንደ አማትና ምራት ናቸው! ስትመጣ ያኮርፋል፣ ስትሄድ ይስቃል» ብላ ጮኸች። በሽተኞቹም ሳቁ። ቆይማ ግን አልሳቀም፤ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«እትዬ፣ ጠዋት ሲገቡ የሚያበሩት ምንድን ነው?»

«መብራት» አልኩት።

«ሌላስ?»

«ኮምፒውተሬን። አንተ የማታበራውን ምን አበራለሁ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ለሰርቨሩ ብዙው ጥያቄ ከውስጥ ነው የሚመጣው፣ ከራሳችን ግቢ።»

«ሲስተርና ጓደኞቿ ናቸዋ፤ ከውስጥ ሆነው ቀኑን ሙሉ ይመዘግባሉ።»

«እሱስ ልክ ነው» አለና ፊቱን መለሰ። እንደ ተጠርጣሪ መጠየቄ አናደደኝ። ስንት ዓመት አገልግዬ።

ማክሰኞ 18

ሰባት ጊዜ። ጠያቂዬን በየአሥራ አምስት ሰከንዱ አደረግኋት። እስኪ ከዚህ ወዲያ ምን ይደረጋል?

ሐሙስ 20

ዝናብ ስለሆነ የመጣው ሰው ጥቂት ነው። 2፡35 አስነሳሁ፣ 3፡00 ቆመ። 3፡02 አስነሳሁ፣ 3፡27 ቆመ። 3፡30 አስነሳሁ፣ 3፡55 ቆመ። ሌላውን መጻፍ ሰለቸኝ።

ቆይማ ከደብተሬ ላይ ሰዓቶቹን በወረቀት ገልብጦ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ እርሳሱን ያኝካል። ደብተሩን ሲገለብጥ የመጀመሪያውን ገጽ በጣቴ ይዤ ነበር።

«ሃያ አምስት ደቂቃ። ሃያ አምስት። ሃያ አምስት። የተበላሸ ነገር እንዲህ ሰዓት አያከብርም እትዬ። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ አንድ ሥራውን በትጋት የሚሠራ ነገር ነው።»

«እና ምኑን?»

«ቆይማ። አሥር ደቂቃ ብቻ ባገኝ…»

ይሄ አሥር ደቂቃ የሚለው ነገር አንገሸገሸኝ። ሥራውን ሊያጣ የቀረበ ሰው የሚለምነው ጊዜ ነው እንዴ?

ሰኞ 24

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ከጠዋቱ 4፡00 ላይ ቆመ። ቆይማ ተነስቶ የማሽኑ ክፍል በር ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ዛሬ ማንም አይነካውም። ከሥራ ያባርሩኝ። አሥር ደቂቃ።» ሄዶ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠና መጻፍ ጀመረ። ስልኩ ጮኸ፤ ዳይሬክተሯ ናት፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ተነሳ?» «ገና ነው ዶክተር።» «ምን እያደረጋችሁ ነው? ልጅ ይዞ የቆመ ሰው አለ እኮ! እርስዎ ያስነሱት፣ አሁኑኑ።» ከታች ጩኸት ይሰማኛል። ቆይማ «ሁለት ደቂቃ እትዬ፣ ዝርዝሩ እየመጣ ነው» አለ። በትከሻው በኩል እጄን አሳልፌ ቁልፉን ተጫንኩት።

ስክሪኑ ጠቆረ። አልተቆጣም። እጆቹ እንዳሉ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ።

«ሊመጣ ነበር» አለ።

«ሰው ቆሟል» አልኩት።

እንዲህ ሆኜ እንዳልሰማ የሚያደርገኝ ምንድን ነው? መልስ ሲጠፋ ሌላ ሰው እሆናለሁ። በዚያ ሰዓት ከጎኔ ሰው ቢሞት አላይም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለምን እንዲህ እንደጻፍኩት አላውቅም። ልሰርዘው ነበር፤ ይቅር።

ዓርብ 28

ደብዳቤው ደረሰው። ሰኞ ቁልፍ ያስረክባል፣ ቤቱን እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ይለቃል። ደብዳቤው «በተደጋጋሚ በታየ የሥራ ዝግመት ምክንያት» ይላል። አንብቦ አጠፈውና ኪሱ ከተተው። «ዝግመት» አለ። ሲስተር አለቀሰች። እኔ ሰዓቶቹን ጻፍኩ።

እሑድ 30

ድንገተኛ ክፍል እንጂ ሌላው ዝግ ስለሆነ ግቢው ባዶ ነው። ቤት መቀመጥ አቅቶኝ ሄድኩ። እንደ ልማዴ ኮምፒውተሬን አበራሁና 4፡00 ሲሆን ሰርቨሩን አስነሳሁት፤ አንድ በሽተኛ በሌለበት 4፡25 ላይ ቆመ። የሚጠብቅ የለም፤ የሚደውልም የለም። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከባድ ነበር። ከዚያ ቆይማ ሲያደርግ ያየሁትን አደረግሁና ዝርዝሩን ጠራሁት።

መጣ። መቶ መስመር፣ መቶውም ተይዟል። የበሽተኛ ስም፦ ባዶ። የካርድ ቁጥር፦ ባዶ። እስከ ታች ድረስ ባዶ ባዶ። የተከፈተበት ሰዓት ግን ተጽፏል። 4፡00 ከአሥራ አምስት ሰከንድ። 4፡00 ከሠላሳ። 4፡00 ከአርባ አምስት። 4፡01። 4፡01 ከአሥራ አምስት።

ሰው እንዲህ አይመጣም። እንዲህ የሚመጣውን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። ኮምፒውተሬ በበራ ቁጥር አብራ ትነሳለች፣ በየአሥራ አምስት ሰከንዱ አዲስ በሽተኛ ሆና ትገባለች፣ «አለህ?» ብላ ትጠይቃለች፣ መልሱን ሰምታ ትሄዳለች፤ የያዘችውን መስመር ግን አትለቅም፣ ሠላሳ ደቂቃ ባዶውን ተይዞ ይቆያል። ያን ማክሰኞ ሰባ ሰው ብለን ስንቆጥር በየደቂቃው እየገባች የያዘችው የእሷ ሠላሳ አልተቆጠረም። ሲብስበት እኔ ጨመርኩ። ሲብስበት ጨመርኩ።

ፕሮግራሟን አጠፋኋት። ከዚያ ሰርቨሩን አስነሳሁት። ካስነሳሁት ዝርዝሩ እንደሚጠፋ አውቅ ነበር። ፎቶ ማንሳት እችል ነበር፣ ስልኩ እጄ ላይ ነው። አስነሳሁት።

እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥኩ። አልቆመም።

ሰኞ 1

አልቆመም።

ቆይማ ቁልፉን አስረከበ። ከድርጅቱ የመጡት ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ እየዞሩ ፎቶ አነሱ፣ አንድም ነገር አልነኩም። ዳይሬክተሯ ማታ ላይ ገብታ «አያችሁ? የሚችል ሰው ነበር የሚያስፈልገው» አለች። ጥበቃው በር ላይ «ቆይማ ሄደ፣ ሰርቨሩ ዳነ» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። ነገ ሆስፒታሉ በሙሉ ይህን ይላል።

አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ነገ እናገራለሁ።

ማክሰኞ 2

አልቆመም። አልተናገርኩም።

ረቡዕ 3

አልቆመም። ዳይሬክተሯ ቀዶ ጥገና ላይ ነበረች። ውሸቴን ነው፣ እስከ አምስት ሰዓት ቢሮዋ ነበረች፤ ሁለት ጊዜ በበሩ አልፌያለሁ።

ከመስኮቱ ሳይ የቆይማ ሚስት ገመዱን እየፈታች ነበር። ልብሱን ብቻ አይደለም፣ ገመዱን ራሱን። ወደ እኔ ቀና ስትል ከመስኮቱ ሸሸሁ።

ለራሴ የምለውን እዚህ ላስቀምጠው፣ ልየው፦ ሥራውን ያሳጣሁት አውቄ አይደለም። ቆይማ ወጣት ነው፣ ሌላ ያገኛል። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ብባረር የት እገባለሁ? ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ነው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ነው ያልኩት።

ይህን አምስት ጊዜ አነበብኩት።

ሐሙስ 4

ልጄ ራሷ ደወለች። እሷ ስትደውል አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ድምፅዋ ደክሟል።

«እማ፣ ርዕሰ መምህሯ ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝ። ስልኬ ክፍል ውስጥ እየጮኸ ነው ተብሎ።»

«ታዲያ ድምፁን አጥፊው እናቴ።»



«ሌላው ቢለኝ ይሁን። አንቺ እንዲህ ትዪኛለሽ?»

«ምን አልኩ?»

«ድምፁን ማጥፋት እንደማልችል ታውቂያለሽ። ስተኛም አላጠፋውም። ስታጠብ ሻወር በር ላይ ነው የማስቀምጠው። እማ፣ ያን ቀን ጠዋት በስልክሽ ስጫወት እኮ…»

«ተይው» አልኳት።

«አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ምን እንደነካሁ እንኳ አላስታውስም፣ ግን…»

«ተይው አልኩሽ፣ ያለፈ ነገር ነው።»

«እሺ» አለች። ሁሌም እሺ ነው የምትለው። ዘጠኝ ዓመት ተይው እላታለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት እሺ ትለኛለች። ጥሩ እናት የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስኳትም እያልኩ።

ዓርብ 5

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባሁ። ይቀመጡ ሳትለኝ ተቀመጥኩ።

«ሰርቨሩን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ነገርኳት። ፕሮግራሟን፣ ደቂቃውን፣ ሰከንዱን፣ እሑድ ያየሁትን። ግማሽ ላይ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማስረጃ አለዎት?»

«ዝርዝሩን አጥፍቼዋለሁ። ግን አሁን ልክፈታትና ሰዓት ይያዙ። ከሃያ አምስት ደቂቃ አያልፍም፤ በሽተኛ ከገባ እንዲያውም ይፈጥናል።»

«ሰልፉ ሳይጀመር ይክፈቷት» አለችና ስልኩን አንስታ ቆይማን አስጠራችው።

መጣ። ዕቃ ሲያስር ነበር፤ ሱሪው አቧራ ነው፣ የሲባጎ ቁራጭ ጣቱ ላይ ተጠምጥሟል። ማንም ሰላም አላለውም። እሑድ ያየሁትን እየነገርኩት ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሄድንና ፕሮግራሟን ከፈትኳት። ሦስታችን የግድግዳው ሰዓት ላይ አፍጥጠን ተቀመጥን። ሃያ አምስት ደቂቃ ረጅም ነው። ዳይሬክተሯ ሁለት ጊዜ «ይሄ ቀልድ ከሆነ…» ብላ አቆመች። በሃያ አራተኛው ደቂቃ ሰርቨሩ ቆመ። እጄ ሊነሳ ሲል ራሴ በሌላው እጄ ያዝኩት።

«አሁን አሥር ደቂቃህን ውሰድ» አልኩት።

ዝርዝሩን ጠራና ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። ታች ሲስተር «ሲስተም የለም!» ማለት ጀምራለች። ዳይሬክተሯ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ቆይማ በጣቱ እየነካ ወረደ፦ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ አምስት። ሲጨርስ ዞረ።

«ልምድ ነው ብለውኝ ነበር።»

«አዎ።»

«መብራት ነው የማበራው ብለውኛል።»

«አዎ።»

«ሚስቴ አንድ ሳምንት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም እትዬ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ሊቀይሩ ነበር። እሑድ ያወቁትን ዛሬ ዓርብ ነው የሚነግሩን?»

ይቅርታ አልኩት። እሱም አልተቀበለኝም፣ እምቢም አላለኝም።

ዳይሬክተሯ ደብዳቤውን እንደምታነሳ፣ ለቦርዱም ራሷ እንደምታስረዳ ነገረችው። ለእኔ ደግሞ «ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል። ኮምፒውተር እንዲነኩ አልፈልግም» አለችኝ። ከዚያ በሩ ላይ ቆም ብላ «አሥር ደቂቃውን እኔም ከልክዬዋለሁ» አለች፤ ለማን እንዳለችው ግልጽ አልነበረም።

ቆይማ ሲወጣ ተመልሶ ገባ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በየደቂቃው ይገባኛል። አሥራ አምስት ሰከንድ? ሰው ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጠይቀው?»

ጣቱ ላይ ያለውን ሲባጎ ብቻ አየሁ። ጠበቀኝ። እሱ መጠበቅ ያውቅበታል። በመጨረሻ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

እሑድ 7

ትናንት ቆይማ ዕቃውን መልሶ አስገባ። ልርዳችሁ ብዬ መሄድ ፈልጌ አልሄድኩም፤ አይገባኝም። ሰዓቶቹን በሙሉ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት፤ የእሱ ድርሻ እሱ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሆስፒታሉ ሁሉ ሰምቷል። ሲስተር አላናገረችኝም፤ ስመለስ ታናግረኝ ይሆናል፣ ላታናግረኝም ትችላለች።

ለቆይማ ጥያቄ መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ከእሱ በፊት ሊደርሳት የሚገባ ሰው አለች።

የመጀመሪያውን ገጽ አልቀደድኩትም። ዛሬ ደጋግሜ አነበብኩትና ያልጻፍኩትን አሁን እጨምራለሁ፦ የስልኩን ድምፅ ማንም አላጠፋውም። የባሌ እህት ያን ቀን «ድምፁ ጠፍቶ ነበር» ስላት ዞራ ልጅቷን አየቻት፤ ጠዋት በስልኩ ስትጫወት አይታት ነበርና። ልጅቷም እኔን አየችኝ፣ «እኔ ነኝ እንዴ እማ?» በሚል ዓይን። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አይደለሽም ማለት። ዝም አልኩ። ያኔ በዝምታዬ እንዳተረፍኳት ሳይሆን እንደከሰስኳት የገባኝ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በዚህ ሳምንት፣ የሌላ ሰው የልብስ ገመድ ሲፈታ በመስኮት እያየሁ ነው።

ዛሬ አንድ ጊዜም አልደወልኩላትም። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ነው የዋልኩት። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም።

ካርድ ክፍል ከመግባቴ በፊት የሁለት ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ። አላስረዳትም፣ አጠገቧ ተቀምጬ ፊቷን እያየሁም አላስነብባትም። ሰጥቻት ደጅ ወጥቼ እቀመጣለሁ፤ የፈለገችውን ያህል ትቆይ፣ ከፈለገችም አትምጣ።

ይህን ደብተር የምትቀበለው ልጄ ናት።